አሮጌ መኪናን በጥንቱ ዕቃና በጥንቱ ቀለም ስለ ማደስ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የታሪክ ነገር ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ የሚሄደው ወደ ሐውልት፣ ወደ ብራና መጽሐፍና ወደ ነገሥታት ዘውድ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪካችን በብራና ላይ ብቻ ሳይሆን በጎማም ላይ የተጻፈ በመሆኑ፣ በዛሬው ንግግራችን ስለ አሮጌ መኪናዎች፣ ይልቁንም እነርሱን ከፋብሪካ ሲወጡ በነበራቸው ዕቃና በነበራቸው ቀለም ስለ ማደስ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ የሀብታም ጨዋታ ይመስል ይሆናል። እስከ መጨረሻው ያደመጠን ግን፣ ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ የቆሙት አሮጌ መኪናዎች በሐራጅ እንዲሸጡ ፊርማውን የሚያኖረውን ሰው ሁሉ የሚነካ መሆኑን ይረዳዋል።

እንደሚታወቀው አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ያመጣውም ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የመኪናው ስም ሲድሊ ነበር። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ናኬ የተባለውን የአገሩን መኪና ይዞ ደረሰ። የተጠረገ የመኪና መንገድ ስላልነበረ፣ በብዙው ስፍራ መኪናው ሰውን ከመሸከሙ ይልቅ ሰው መኪናውን ሲገፋና ሲጎትት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም።

ለወሎ ሰው ግን የመኪና ትዝታ የሚጀምረው ከዚህ ዓይነቱ ደስታ ሳይሆን ከመከራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈራቸውን አድርገውባት የነበረችው ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበች። በተከታዩ ሚያዝያ 7 ቀን ከተማይቱ በጠላት እጅ ወደቀች። ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ ማርሻል ባዶሊዮ፣ ኢጣሊያኖች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው የሰየሙትን ሠልፍ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ አስነሣ። በሠልፉ ውስጥ ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም መካከል ፊያትና ላንቻ ብቻ ሳይሆኑ ፎርድ፣ ሸቭሮሌና ስቱድቤከር የተባሉ የአሜሪካ መኪናዎች ይገኙባቸው ነበር። ይህን ያህል የሞተር ብዛት በአንድ ጊዜ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ሆኖም ተርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ጠበቃቸውና ዝናብ ስለ ያዛቸው፣ ወታደሮቹ መኪናውን ትተው ድንጋይ መሸከም ግድ ሆነባቸው፤ አዲስ አበባ የገቡትም ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ጠላት አገሩን ለመግዛት የሠራው መንገድ፣ ጠላት ከወጣ በኋላ የአገሩ ልጆች እንጀራ ሆነ። ከአሥመራ ተነሥቶ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ፣ ከዓሰብ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድና የተርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በአዋሽና በሚሌ በኩል ያለው መንገድ ከመሠራቱ በፊት፣ ከዓሰብ ወደብ ወደ መካከለኛው አገር የሚመጣው ዕቃ የሚያልፈው በኮምቦልቻ በኩል ነበር። ነጂው የአፋርን ሐሩር አቋርጦ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ደሴ ለመድረስ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከ600 ሜትር የማያንስ ተጨማሪ ከፍታ ይወጣል። ሲመለስ ይህንኑ በፍሬንና በማርሽ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ የከረመ መኪና በሌላ አገር ሃያ ዓመት የሚያየውን በአምስት ዓመት ያያል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ዳገት ከለመዱት ካሚዮኖች ሁሉ ስሙ የገነነው ፊያት 682 ነው። ፋብሪካው ይህን ዓይነት ካሚዮን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በኋላ የመጣውን ዓይነት ሕዝባችን «ኤን ትሬ» ብሎ ጠራው። «ኤን» በስሙ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ «ትሬ» በኢጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሩ ከጋቢናው ሥር የተቀመጠ፣ በፊቱ ላይ ጢም የመሰለ ጌጥ ያለው፣ ተሳቢውን አስከትሎ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ የሚታወቅ ነበር። በዓሰብ መስመር ያልሠራ ሰው እንኳ ኤን ትሬን በስሙ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከመንገዱና ከካሚዮኑ ጋር አብሮ የመጣ፣ እስከ ዛሬም ሳይለወጥና ሳያረጅ በጋራዦቻችን የሚኖር ዕቃ አለ፤ እርሱም ቃል ነው። መካኒኩ የሞተሩን ራስ ቴስታታ ይለዋል፤ ለማርሽ መቀየሪያ የሚረገጠው ፍሪሲዮን ነው፤ ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ፣ ጎማውን የሚከልለው ፓራፋንጎ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ ቆርቆሮ አቃኙ ባትላሜራ። በየዓመቱ ከመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር ኢጣሊያንኛ ነው። እንግሊዝኛ የተማረው ወጣት ኢንጂነር ከፋብሪካ የመጣውን መጽሐፍ ይዞ ጋራዥ ሲገባ፣ ከሽማግሌው መካኒክ ጋር ለመግባባት እንደ ገና አማርኛ መማር አለበት።

ወደ ዋናው ነገራችን የሚያገባን ባለፈው ወር ከገራዶ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ገራዶ ከጦሳ ተራራ ማዶ፣ ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለው አገር መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ደብዳቤውን የላኩልን አድማጭ፣ አባታቸው በዓሰብ መስመር የነዱት ኤን ትሬ ከግቢያቸው ከባሕር ዛፍ ሥር ከቆመ ዓመታት ማለፋቸውን ገልጸው፣ ሁለት ሰዎች ሁለት ምክር እንደ ሰጧቸው ይነግሩናል። አንደኛው በኪሎ መዝኖ የሚገዛ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ነው። ሁለተኛው የጃፓን ሞተር እንዲገባበት፣ አካሉም በሚያብረቀርቅ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ለሰርግና ለፎቶግራፍ እንዲከራይ የሚመክር ነው። እርሳቸው ግን የሚጠይቁን እንዲህ ነው፦ «ይህ ካሚዮን ታድሶ የአባቴ መኪና ሆኖ የሚቀረው ምን ምኑ ሲቀር ነው?»

ይህ ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። በሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር የወጣበት ጥያቄ ነው፤ ይልቁንም የአሜሪካ ሰዎች «ባለ ጡንቻ» በሚሏቸው መኪናዎቻቸው ላይ።

የእነዚህ መኪናዎች ዘመን አጭር ነበር። ፖንቲያክ የተባለው ድርጅት ለትልቅ መኪና የተሠራውን 6.4 ሊትር ሞተር በመካከለኛ አካል ላይ ጭኖ፣ «ጂ.ቲ.ኦ.» ብሎ በ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴልነት ሸጠው፤ ፎርድ፣ ሸቭሮሌ፣ ዶጅና ፕሊመዝም ተከታትለው ተወዳደሩ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የኢንሹራንስ ውድነት፣ የጭስ ሕግና የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ዘመናቸውን አሳጠረው። ሲሸጡ የጎረምሳ መኪና ነበሩ፤ ማንም ይጠበቃሉ ብሎ አላሰበም፤ ተነዱ፣ ተጋጩ፣ ሞተራቸው ተለወጠ፣ ተጣሉ። ዕድሜ ጥቂቱን ሲያስቀር ግን የቀሩት ተፈላጊ ሆኑ፤ ያን ጊዜም «እውነተኛው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ።

መልሱን የሚፈልጉት በመጀመሪያ በቁጥር ነው። መኪናው የራሱ ቁጥር አለው፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህ ቁጥር ከውጭ ሆኖ በፊት መስተዋቱ በኩል እንዲነበብ ተደርጓል። በሞተሩና በካምቢዮው ላይም የዚሁ ቁጥር ከፊሉ ይመታል። በቀለጠ ብረት የሚሠሩት ዕቃዎች ደግሞ የተቀለጡበትን ቀን የሚያመለክት ምልክት በላያቸው አለ። ስለዚህ ሞተሩ የተቀለጠበት ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ቀን የዘገየ ከሆነ፣ ያ ሞተር ከሌላ የመጣ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። ቁጥሮቹ ሁሉ የተስማሙለት መኪና ካልተስማሙለት እጅግ የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ዋጋ ባለበት ደግሞ አታላይ አይጠፋም፤ ቁጥር ፍቆ ሌላ የሚመታ፣ ተራውን መኪና የታዋቂውን ስምና ጌጥ ለጥፎበት የሚሸጥ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ቀለም ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ይህ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን ጄኔራል ሞተርስ መኪናዎቹን የሚቀባው አክሪሊክ ላኬር በተባለ ቀለም ሲሆን፣ ፎርድና ክራይስለር ኤናሜል በተባለው ይቀቡ ነበር። ላኬር የሚደርቀው ማቅጠኛው እየተነነ ስለ ሆነ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ማቅጠኛ የነካ ጨርቅ ቢያሹበት ይለቃል፤ በምድጃ የበሰለው ኤናሜል ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ዐዋቂ ሰው ከማይታይ ጥግ ላይ በዚህ ዓይነት ፈትኖ፣ መኪናው ከፋብሪካ የመጣበትን ቀለም እንደ ለበሰ ወይም በኋላ እንደ ተቀባ ይለያል። የዛሬው ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ ከታች ቀለሙ፣ ከላይ እንደ መስተዋት የጠራው ልባስ። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ነገር ግን ያንን የድሮ መልክ አይሰጥም። በየብሎኑም ላይ ልዩነት አለ፤ አንዱ በዚንክ፣ ሌላው በካድሚየም፣ ሌላው በፎስፌት የተለበጠ ነበርና፣ ሁሉንም በአንድ ጥቁር ቀለም የቀባ አዳሽ በዐዋቂዎች ፊት ይታወቅበታል።

ከዚህ አልፈው የሄዱም አሉ። ፋብሪካው ሲቀባ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ አድርጎ የተወውን ቀለም እንደዚያው ሻካራ አድርገው ይቀባሉ፤ መርማሪው ሠራተኛ በጠመኔ ያደረገውን ምልክት ሳይቀር ከቦታው መልሰው ይጽፉታል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ። ሆኖም ሥራው ትርጉም አለው፤ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ያልነበረውን ውበት መኪናው ላይ መጨመር፣ የጎደለውን ከማጉደል ያልተናነሰ ሐሰት ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። እንዲያውም ዛሬ ብዙዎቹ ከታደሰው መኪና ይልቅ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ወንበሩም የተቀደደ ቢሆን፣ ማንም ያልነካውን አብልጠው ይወዳሉ።

እንግዲህ ይህን ሕግ አምጥተን በገራዶው ካሚዮን ላይ እንዳለ ልንጭነው ይገባናልን? አይመስለኝም። ምክንያቱን እናገራለሁ።

የቁጥሩን ነገር ያለ ጥርጥር ልንቀበለው ይገባል፤ እኛ ዘንድም ቀድሞውኑ ያለ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ባለ መኪና እጅ ያለው ሊብሬ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይዟል። አሜሪካዊው በብዙ ድካም የሚፈልገውን ምስክር የእኛ ባለ መኪና ከመሳቢያው ያወጣዋል። ነገር ግን አሜሪካዊው መኪናውን የሚመልሰው ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቀን ነው። የእኛ ካሚዮን ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ታሪኩ ገና ያልጀመረበት ቀን ነው። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ቶርኒዮ ላይ የተቀረጸው ቡሽ፣ በአፋር በረሓ በሌሊት የተጠገነው ራዲያተር፣ የተሰበረው ባሌስትራ ላይ የተጨመረው ንጣፍ፣ በአገር ባለሙያ የተሠራው የጭነት ሳጥን፣ እነዚህ ሁሉ ለአሜሪካዊው ፈራጅ ጉድለት ናቸው፤ ለእኛ ግን የታሪኩ ዋና ክፍል ናቸው። እነርሱን አውጥቶ ከቶሪኖ የመጣ አዲስ ዕቃ የሚተካ ሰው የፊያትን ታሪክ ያድስ ይሆናል፤ የዓሰብን መስመር ታሪክ ግን ይፍቃል።

የመሪው ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አገራችን በግራ መንዳት ትቶ በቀኝ መንዳት የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የገባ፣ መሪው በስተ ቀኝ ያለ መኪና ዛሬ ሲገኝ፣ ነገሩን የማያውቅ አዳሽ ስሕተት መስሎት መሪውን ወደ ግራ ሊያዛውረው ይችላል። በዚህ ሥራው መኪናው የአንድ አገር ሕግ መለወጡን የሚመሰክርበትን ምልክት ያጠፋዋል። በተቃራኒው ደግሞ፣ መሪው በ1956 ወይም ከዚያ በኋላ በአገር መካኒክ ተዛውሮ ቢገኝ፣ ያ ዝውውር ራሱ ሊጠበቅ የሚገባው ታሪክ ነው።

ክብር ያለው መኪና የቤተ መንግሥት መኪና ብቻ አለመሆኑንም እናስታውስ። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት፣ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መኪናዎች ለእይታ ቀርበዋል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በእነዚያ ታላላቅ መኪናዎች ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነው። በዚያ ጧት ከሁለቱ የትኛው መኪና የበለጠ ታሪክ ተሸክሞ እንደ ነበረ አድማጩ ይፍረድ።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ግቢ እንምጣ። በየግቢው ጥግ ጎማቸው የተነፈሰ፣ መስተዋታቸው የረገፈ የመንግሥት መኪናዎች ቆመው ዝናብ ይመታቸዋል። ቦታ ይይዛሉና መወገዳቸው ትክክል ነው። ነገር ግን የሚወገዱት እንዴት ነው? ኮሚቴው ዝርዝሩን «የማይሠራ መኪና፣ ብዛት ይህን ያህል» ብሎ ይጽፋል፤ ነጋዴው ይጭናል፤ ከዚያ ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። ባሌስትራው በአንጥረኛ እጅ ማረሻና ቢላዋ ይሆናል፤ ይህ እንኳ መልካም ነው። ሌላው ዕቃ ወደ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ ከአድማጮቻችን መካከል የራሱን መስተዋት እዚያ መልሶ የገዛ ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ። የሚያሳዝነው ግን ሻንሲው ከነቁጥሩ፣ በበሩ ላይ የነበረው የመሥሪያ ቤት ስም ከነቀለሙ፣ ሊብሬውም ከነታሪኩ መጥፋቱ ነው። ፊርማውን የሚያኖረው ሹም አንድ ግማሽ ቀን ወስዶ የእያንዳንዱን መኪና የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመትና ፎቶግራፉን ከመዝገቡ ጋር ቢያስቀምጥ፣ ከመቶው አንዱን ደግሞ ለሙዚየም ቢያስቀር፣ መሥሪያ ቤቱ የሚያጣው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ነገሩ ሊያስቸኩለን ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዛሬ ርእሳችን አይደለም። ለእኛ ጉዳይ ትርጉማቸው ግን ይህ ነው፤ ባለፈው ዘመን የገቡት አሮጌ መኪናዎች በቁጥር እያነሱ እንጂ እየበዙ አይሄዱም። ደግሞም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን በደረሰ ጊዜ የከተማው ሙዚየም ተዘርፎ፣ ብዙ ዘመን የተሰበሰበው ቅርስ በጥቂት ቀን እንዴት እንደሚጠፋ ወሎ በዓይኑ አይቷል። ከዚያ በኋላ በየሰው ግቢ የተረፈውን ዕቃ በንቀት ማየት የሚገባን አይመስለኝም።

ለገራዶው አድማጫችን የምንመልሰው እንግዲህ እንደሚከተለው ነው።

ለብረት ነጋዴው አይሽጡት። ሞተሩን ለማስነሣት ባትሪ አምጥተው አይሞክሩ፤ ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር በድንገት ሲዞር ይሰበራልና። መካኒኩ የናፍጣ መርጫዎቹን አውጥቶ በየሲሊንደሩ ዘይት ያፍስስበት፣ ብዙ ቀን ይቆይ፣ ከዚያም በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር። የጃፓኑን ሞተር በተመለከተ፣ የአባትዎ ሞተር ፈጽሞ የማይድን ሆኖ ካልተገኘ በቀር አይቀበሉት፤ ግድ ቢሆንብዎ እንኳ አሮጌውን ዘይት ቀብተው በደረቅ ስፍራ ያኑሩት፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ነውና ከካሚዮኑ አይለይ።

ስለ ቀለሙ፣ ቀቢው ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣቱ በፊት ፀሐይ ያልነካው ጥግ ይፈልጉ፤ ከወንበሩ ጀርባ ወይም ከበሩ ማጠፊያ ሥር ይሆናል። እዚያ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ቀስ ብለው ይፈትጉ። ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አንዱ በሌላው ውስጥ እየታዩ ይመጣሉ፤ ከዝገት መከላከያው በላይ ያለው የመጀመሪያው ቀለም የፋብሪካው ነው፤ ከእርሱ በላይ ያሉት የአባትዎ ናቸው። ቀቢው የትኛውን እንዲከተል ወስነው ቢያስቀቡ እንኳ፣ ያቺን የሳንቲም ያህል ቦታ እንዳለች ይተዋት። በጭነት ሳጥኑ ጀርባ በእንጨቱ ላይ ተጽፎ የነበረው የአባትዎ ጽሕፈት አሁንም በከፊል እንደሚነበብ ጽፈውልናል፤ እርሱን በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ብቻ ይጠቡት እንጂ፣ ማንም ሰው አድምቄ ልጻፈው ቢልዎ አይፍቀዱ።

ከሥር የተገኘው ቀለም ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጽፈው ቢያስታውቁን ለሌሎች አድማጮቻችን እናሰማዋለን።